የጀልባዋ ባትሪ

ማታ ከሞተር ስመለስ ናፍጣ ናፍጣ ሸትቼ፣
ፊቴን በሳሙና አሻለሁ፣ ሁለቴ ውሃ አስቀድቼ፤
ቅባት በነካው ቆዳ ላይ ላስቲኩ አይጣበቅም፣
ንፋስ በጉንጬ ሾልኮ ሲያፏጭ እንቅልፌ አይዘልቅም።
ውሃም ይፈልጋል ዕቃው፣ ጨው የሌለው፣ የተጣራ፤
ጣና ደጄ ተንጣልሎ፣ እኔ ባትሪ ቤት ተራ።

ልጄ ማስተዋል መጀመሪያ ቀን ጭንብሉን አጥልቄ አየችኝና
«አባዬ ዝሆን ሆነ!» ብላ አልጋ ስር ገባች፣ ሸሸችና፤
አሁን እሷው ናት ቁልፉን በጣቷ የምትጫነው፣
«ዝሆኑ ይተኛ» እያለች ብርድ ልብስ የምትከድነው።

ድሮማ ባለ ባጃጁ ዳምጤ፣ ከግድግዳው ማዶ፣
«ጄኔሬተር ገዛህ ወይ?» ይለኝ ነበር፣ በማንኮራፋቴ ተናዶ፤
ስቄ አልፈዋለሁ። ቀን ቀን ግን፣ መሪ ጨብጬ ውሃው ላይ፣
ዓይኔ እንደ ሱቅ መዝጊያ ይወርዳል፣ በጠራራ ፀሐይ።
አንድ ቀን ክብራን ሳልደርስ፣ ደንገል ውስጥ ጀልባዋን ሰካሁ፣
አሥራ ሁለት ሰው አሳፍሬ፤ በእነሱ ጩኸት ነቃሁ።

አንጓች ግን ሌላ ታውቅ ነበር፤ ጩኸቴ አይደለም የከበዳት፣
ጩኸቱ ሲቆም ነው እንጂ፣ ዝም ስል ነው ልቧ የሚከዳት።
በጨለማ ትቆጥራለች፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሃያ ሰባት፤
ሠላሳ ላይ በክርኗ ጎሰም። እንዲህ ኖረች ስድስት ዓመት።

ጉማሬ፣ ይላሉ ዓሣ አጥማጆች፣ ከውሃ በታች ተኝቶ፣
ሳይነቃ ብቅ ይላል ለአየር፣ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ፤
እኔ በደረቅ አልጋ ላይ ስሰጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፣
ብቅ ማለት የተሳነኝ።

አዲስ አበባ ሐኪሟ፣ በሽቦ አስራ አስተኛችኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆጠረች፤
«በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ታንቀሃል» ብላ ነገረችኝ፣ አቀረቀረች።
«ማን አነቀኝ?» አልኳት።
«የገዛ ጉሮሮህ» አለች።

ሁለት ጀልባ ነበረኝ። አንዷ አሁን አፍንጫዬ ላይ ናት።

መብራት ካለማ ሸጋ ነው። አንዳንዴ ሳይወስደኝ እንቅልፍ፣
ይህ ንፋስ ከየት ነው? እላለሁ፤ ጢስ አባይ ወርዶ ሲገረፍ፣
ውሃችን ሽቦ ላይ ወጥቶ፣ በምሰሶ ምሰሶ ዞሮ፣
ተመልሶ መጣ እላለሁ፣ ሊከፍት የእኔን ጉሮሮ።

ካልጠፋ።

ሰኞ ሌሊት ሽምብጥ ጠፋ፤ ሰፈሩ በሙሉ ዳፍንት፤
የማሽኑ ሽውታ ሲቆም፣ አንጓች ነቃች በቅጽበት፤
እኔን በክርኗ ቀስቅሳ «ቁጭ በል፣ እንዳትተኛ» አለች፣
በስልኳ መብራት፣ ጭቃ ረግጣ፣ ወደ ወደቡ ወረደች፤
የጀልባዋን ባትሪ ፈታ፣ እንደ እንስራ አዝላ መጣች።
ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ እንዳሳየኋት አገናኘች፣
ማሽኑ ሽው ማለት ሲጀምር ነው ከጎኔ ጋደም ያለች።
ለዘበኛው ለይመኑ ምን እንዳለችው እስካሁን አልነገረችኝም፤
አልጠየቅኳት። አልደፈርኩም።

ጠዋት የዘጌ መንገደኞች ወደቡ ላይ ተኮለኮሉ፤
ቁልፍ ባዞር፣ ቁልፍ ባዞር፣ ሞተሯ ዝም፤ «ኧረ ረፈደ!» አሉ።
«ባትሪው ሌሊት ሠርቶ ደክሞታል» ብል ማን ይመነኝ?
አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ ብለው፣ የላስቲኩን ሰንበር አዩብኝ።
«ማን መታህ?»
«እንቅልፍ» አልኳቸው።
አልሳቁም። ጌሿቸውን ወንበሩ ስር አስቀመጡና፣ ዝም ብለው ጠበቁ።

ገመዱን ጠምጥሜ ሳብኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሳለች፤ ትን አላት፤ ዝም አለች።
አሥር። ሃያ። ሃያ ሰባት።
በክርኔ ጎሰም አደረግኋት።