እግር ዓይን የለውም

ማክሰኞ ማለዳ ኦርቪል በሩን ከፍቶ፣
እንደ ወትሮው ሁሉ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ፣
አየር ረገጠ።

እግር ዓይን የለውም፤ ትናንትን ያምናል፣
ብረቱ ከቦታው አለ ብሎ ይወርዳል።
ጠጠሩ ላይ ወድቆ፣ ባርኔጣው በርሮ፣
«ደረጃውን ማን በላው?» አለኝ ተማርሮ።
አጥንቱስ ደህና ነው። ያበጠው ኩራቱ፣
ከኩራቱ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ።

ይህ የሆነው ሚዙሪ ዳር ነው፣ ደቡብ ዳኮታ፣
ነፋስ ሣሩን እንደ ከብት በሚነዳበት ቦታ፤
የቤት መኪናችን ጠጠር ላይ ቆማለች፣
ከእኛ ጋር ጡረታ አብራን ወጥታለች።

ለማታውቁት ልንገር የዚህን ዕቃ ዐመል፦
በሩ ሲከፈት ነው ብረቱ ብቅ የሚል፤
«እዝዝ» ይላል ሞተሩ፣ እንደ ምላስ ወጥቶ፣
በሩ ሲዘጋ ደግሞ ይገባል ተጎትቶ።
ከበሩ አጠገብ አንዲት ማብሪያ አለች፤
እሷን ካጠፏት ብረቱ እንደ ወጣ ይቆያል፣
የጎረቤት ልጆች ሲገቡ ሲወጡ ቢውሉ አይነቃነቅም።
መኪናው ሲነሳ ግን፣ ማብሪያዋ ጠፍታም ቢሆን፣
ራሱን ይሰበስባል፤
አለዚያማ የመንገድ ዳር ግንድ ያጭደዋል።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» አለ ኦርቪል ከአልጋ፣
በረዶ ታቅፎ፣ «ስምንት መቶ ዶላር ነው ዋጋ!»
አርባ ዓመት የእህል ማጨጃ ሲፈታ ሲገጥም ኖሯል፤
ብረት ምን እንደሚያመው እሱ ብቻ ያውቃል።
እኔ የተማሪ አውቶብስ ሾፌር ነበርኩ፤
ሰምቼ ዝም አልኩ።

የምንጣፍ ቁራጭ አንጥፌ በጀርባዬ ሥሩ ገባሁ፣
የእጅ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ።
መጋጠሚያው ጭቃ ጋግሯል፤ በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፣
ደረቅ ቅባት ነፋሁበት፤ ግራሶ አልቀባሁትም፣
ግራሶ አቧራን ይጠራል።
ቫልቮላውን መዘዝኩ፦ ደህና።
ከሻንሲው ጋር የታሰረውን የማሳ ሽቦ ፈታሁ፣
አረንጓዴ ዝገት። አሸሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ።
«ክፈት!» ብዬ ጮህኩ። እያነከሰ ሄዶ ከፈተ።
«ዝጋ!» ዘጋ።
ምንም።
«ነግሬሽ ነበር» አለ ከላይ፣ ደስ እያለው።

ከባትሪው ሁለት ገመድ ስቤ ሞተሩን ራሱን ብነካው፣
እዝዝ! ብረቱ ተወረወረ፣ አፍንጫዬን ለጥቂት ሳተ።
ሞተሩ አልሞተም፤
የሚጠራው አጥቶ ነው።

የምትጠራው ማግኔት ናት፤ በሩ ጠርዝ ላይ ጣት ታህላለች፣
መቃኑ ውስጥ ያለች ጆሮ ታዳምጣታለች፤
ስትቀርብ «ተዘግቷል»፣ ስትርቅ «ተከፍቷል»፣
ጆሮዋ ያለችውን ሞተሩ ይታዘዛል።

ወጥቼ መቃኑን አየሁ።
የመቆለፊያው ብረት ላይ፣ ከጆሮዋ አንድ ጣት ርቆ፣
ዓሣ ተለጥፏል፣ የፕላስቲክ ዓሣ፣
ከነዳጅ ማደያ በሦስት ዶላር የገዛነው፣
ሆዱ ሙሉ ማግኔት።
ከዓሣው ሥር የቀጠሮ ካርድ፦
ሐሙስ ጠዋት፣ የልብ ሐኪም።
ሁለት ወር ጨቅጭቄው፣ ሰኞ ማታ «እሺ» ብሎ፣
እንዳይረሳው፣ ሲወጣ የሚያየው ቦታ የለጠፈው።

ያቺ ጆሮ ሌሊቱን ሙሉ ዓሣውን ስትሰማ፣
በሩ ቢበረገድም «ተዘግቷል» ስትል ቆየች፤
ጆሮ ምን ታድርግ፣ ቅርብ ያለውን አመነች።

ዓሣውን ነቅዬ ከነካርዱ ማቀዝቀዣው ላይ አኖርኩት።
በሩን ገፋሁ።
እዝዝ።
«ምን ሆኖ ነበር?»
«የማሳው ሽቦ ዝጎ» አልኩ።
ግማሹ እውነት ነው፤ ዝጎም ነበር።
ሌላውን ግማሽ ከሐሙስ በኋላ እነግረዋለሁ፣
ከሐኪሙ ስንመለስ፣ ወይም አልነግረውም።

አሁን ሲወርድ በሩን ይዞ ይቆማል፤
በእግሩ አውራ ጣት ብረቱን መታ መታ ያደርጋል፣
ውሃ ሞቀ አልሞቀ እንደሚል ሰው፤
ከዚያ ነው ክብደቱን የሚያወርሰው።