ለሠርግ እንግዶች፣ ከሙሽራዋ አባት

«አንድ ገጽ ብቻ» አለች ኢሞጀን፣ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ፣
«የሚጎበኘውን ጻፍ እንጂ፣ እንዳታበዛ ጨዋታ።»

ይኸው።
ከሰሜን የምትመጡ፣ ከማንጎና ከሙቀት አገር፣
(እዚህ ንፍቀ ክበብ ላይ፣ ሰሜኑ ነው የፀሐይ ሰፈር)
ሹራብ ያዙ። በዲሴምበር፣ በበጋችን እምብርት፣
ተራራው ነጭ ይደርባል፣ ማንንም ሳያማክር፣ በድንገት።

ስሙ ኩናኒ ነው፤ ከኛ በፊት የነበሩት ያወጡለት፣
እኛ ሌላ ብለነው ኖረን፣ ዘግይተን የታረምንበት።
ውጡ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩዋት
ሆባርት ከመዳፍ አትበልጥም፣ ጣት ቢከደን ትገባለች፤
«ዋና ከተማ» ስትባል፣ ራሷም ታፍራለች።
ነፋሱ ባርኔጣ ይወዳል፤ የኔን ሦስት ወስዷል ነጥቆ፤
አንዱን ወደብ ላይ አየሁት፣ በሌላ ሰው ራስ ደምቆ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ አለ፣ ከድንጋይ መጋዘኖቹ ፊት፤
እስረኞች ናቸው የጠረቡት፣ ዛሬም አለ የመሮው ምልክት።
ዳስሱት። ከዚያ ቼሪ ግዙ፣ ከእንጨት ሣጥኑ፣ በኪሎ፤
ሰንሰለቱን እያወቀ፣ ሰው ይበላል ቸል ብሎ።
ከእስረኞቹ አንዱ የኔ ነው፣ የቅድመ አያቴ አባት፤
በግ ሰርቆ ነው የመጣ። «ይህን አትጻፍ» አለች ቨርና፤ ጻፍኩባት።
የዳሚር ወላጆች ይወቁ፣ ከማን ዘር እንደሚጋቡ፤
ለበጉ ካሣ ብለው ግን፣ ሒሳብ እንዳያስቡ።

ከዳቦ ቤቱ ፓይ ግዙ፣ የባሕር ሥጋ በካሪ፤
ቆማችሁ፣ ቶሎ ብሉት። የወደቡ ወፍ ናት
ግብር ሰብሳቢ፣ አስተዳዳሪ።

ሙዚየምም አለ፣ ከመሬት በታች የተቆፈረ፤
እግሬ ዝሎ ልቀመጥ ስል ጥበቃው ጮኸ፤
ለካ ወንበሩም ጥበብ ነበረ።

ቀይ መርከብ ቆሞ ካያችሁ፣ ወደ በረዶው ምድር ነው የሚሄደው፤
ከኛ ወዲያ ከተማ የለም፤ ያለው ፔንግዊንና ነጭ ዝምታ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ፣ በማንም መጽሔት ይገኛል።
ድልድዩ ግን አለ። ስለሱ አንድ ነገር ይቀረኛል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እሁድ ማታ፣ በጥር፣
ማዕድን የጫነ መርከብ ምሰሶውን ገጨ። ከዚያ ምን እንደ ነበር
አልተርክም። ሰው ሞቷል፤ ሠርግ ላይ የሚወራ አይደለም።
ስትሻገሩ ግን ለአንድ አፍታ፣ ዝም ብትሉ ነውር የለም።

ከተማዋ ለሁለት ተቆረጠች። ሥራዬ ወዲህ፣ ቤቴ ወዲያ።
ሁሉም በጀልባ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ፣ ወረፋ፣ ግፊያ።
አንዲት ቢጫ ካፖርት የለበሰች፣ እግሯን ብረግጣት ዞረች፤
ይቅርታ ልል ስዞር ሻዬን ደፋሁባት፤
ዛሬም ታነሣለች።

ድልድዩን ሁለት ዓመት ከምናምን ጠገኑት። እኛ አልቸኮልንም።
ሲከፈት ሪባን ተቆርጦ፣ ሕዝቡ በእግሩ ሲሻገር፣
እኔና ቨርና በጀልባው ሄድን ያን ቀንም።

አሁንም ቢሆን፣ ትልቅ መርከብ ሲያልፍ በሥሩ፣
መኪናው ሁሉ ይቆማል፣ ከዳር እስከ ዳሩ።
ደንብ ነው። ከዚያች ሌሊት የተረፈን ደንብ።

ሠርጉ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፤
መርከብ መጥቶ ብትቆሙ፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ በድንገት፣
ጥሩምባ አትንፉ። መስኮት ዝቅ አድርጉ፣
ከጎናችሁ የቆመውን ሰው በደንብ እዩ፤ ስሙን ጠይቁ።
ቄሱም ይጠብቃሉ፣ ኬኩም ይጠብቃል፤ አትጨነቁ።

ገጹ አለቀ። ሹራቡን አደራ፤ ስጦታው ይቅር፣ አበባ ግን አበባ።
«ካፖርቱ አረንጓዴ ነበር» ትላለች ቨርና፣ በትከሻዬ በኩል አንብባ።