የበያጁ ፊት

ታኅሣሥ በግዲኒያ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣
ባሕሩ ጥቁር ነው፤ ጎዳናው መብራት በመብራት።
እሱ በር ላይ ቆሟል፣ ቆቡን በእጁ ጨምድዶ፤
ካፖርቱ ትከሻ ላይ ያረፈው በረዶ
ሳይቀልጥ ጠየቀኝ፦
«ወንድ ይመጣል እዚህ?

ልጄ ናት የላከችኝ፤ የጡረታ ስጦታ፤
እምቢ ብላት ታኮርፋለች፣ እንደ እናቷ፣ ሳምንት ሙሉ ጸጥታ።»

ሌሼክ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት
መርከብ ሲበይድ ኖሯል፣ ብረትን ከብረት
ሲያስታርቅ።
ጉንጩ ላይ የፍንጣሪ ጠባሳ እንደ ጤፍ፣
አፍንጫው ላይ ቅላት፣ የደም ሥር እንደ ጥልፍ፣
አንገቱ ሥር፣ ኮሌታው ክፍት በተወው በኩል፣
የከረመ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ማኅተም ይመስል።

አጠብኩት በለብታ። ጥጥ፣ ዘይት፣ ደግሞ ጥጥ።
ዓይኑን ሸፈንኩለት። «ሃያ ደቂቃ ነው፤ ዘና ይበሉ፣ ጸጥ።»
ማብሪያውን ስጫነው፣ ቀይ ብርሃን ሲፈስ፣
አገጩ በድንገት ወደ ደረቱ፣ ጎንበስ መለስ።
«አመመዎት?» አልኩት።
ሳቀ።
«ልማድ ነው፣ ያጎዳ። ሁለት እጅ ሥራ ሲይዝ
ጭንብል የሚወርደው በአንገት ነው፣ በዚህ ዓይነት ትእዛዝ።
ብርሃን መምጣቱን ሲሰማ እኔን አይጠብቅም፤
ጡረታ መውጣቱን አንገቴ አያውቅም።»

ከዚያ፣ ዓይኑ እንደተሸፈነ፣ ወሬው ተፈታለት፦
«ብርሃን ሲያድን አላየሁም፤ የማውቀው ሲበላ ነው።
ጓዴ ቫልዴማር፣ አንድ ቀን፣ ለአፍታ ጭንብሉን ቢገልጠው፣
ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ ሞልቶ ሲጮኽ አደረ፤
ሚስቱ የደፋችበት ጥሬ ድንች እስኪነጋ ስንቴ ተቀየረ!
አሁን ሰው ተራ ይዞ፣ ከፍሎ፣ ከሥሩ ይተኛል?
እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን ይገኛል?»

ከማስታወቂያው ወረቀት አንድም ቃል አልነገርኩትም።
«ዓመት» አልኩት «አይመልስም፤ ጠባሳ አያጠፋም።
ምናልባት ቅላቱ ረገብ ይል ይሆናል፣ ጥቂት በጥቂት፤
ካልሆነም ያው ሃያ ደቂቃ ዕረፍት።»
«ይኸኛው እውነት ነው» አለና አንቀላፋ።
በማንኮራፋቱ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ጠፋ።

ከመስኮቱ ውጭ፣ ከመርከብ ጥገናው ግቢ ማዶ፣
በሰማያዊ ብልጭታ ይበራል በረዶ፤
እዚያ የሌላ ሰው አንገት ጎንበስ መለስ ይላል፤
እዚህ ሌሼክ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቷል።

በሦስተኛው ቀን ቆቡን በር ላይ አልጨመደደም።
በስድስተኛው ትንባሆ ሸተተኝ፤ ተቆጣሁ፤ አልካደም።
በስምንተኛው አንገቱ ጎንበስ አለ፣ ግን ዘግይቶ፣
በር ሲንኳኳ፣ እንደ አሮጌ ውሻ፣ ጆሮውን ብቻ አንሥቶ።

ዛሬ አሥረኛው ነው። መስታወት ሰጠሁት። ቅላቱ
ረገብ ብሏል መሰለኝ፤ ወይም ከመብራቱ
ይሆናል።
አዘነበለ፣ ቀና አደረገው፤ «ያው እኔው ነኝ» አለ።
ሰዓቱን አየ። «ገና ሦስት ደቂቃ አለ?»

እጅጌውን ሰበሰበ። ቀኝ እጁን፣ ያንን የጠቆረውን፣
ሠላሳ አራት ዓመት እሳቱን የያዘውን፣
ከመብራቱ ሥር ሰደደው፣ መዳፉን ወደ ላይ።
መነጽር ዘረጋሁለት። «ያዥልኝ» አለኝ፣ ሳያይ።