ሰባተኛው አንቀጽ

የካ አባዶ፣ ብሎክ ዘጠኝ፣ የጋራ ቤቱ ውስጥ ነን፣
ዕድሩ ድንኳን የሚያስቀምጥበትን ለአንድ ምሽት ተውሰን።
አሥራ አራት ሰው፣ ዘጠኝ ወንበር፤
የቀረው በጥቅል ሸራ ላይ፤ እኔ እንደ አምናው ከበር።
ደመወዝ የለን፣ አበል የለን፤ የታክሲውም ከኪሳችን፣
በዓመት አንዴ ሰው ሰብስበን ማወያየት ነው ሥራችን።

ሲፈን ደንቡን አነበበች። ስድስቱ አንቀጽ በሰላም አለፈ፤
ሐምዛ አንድ ነጠላ ሰረዝ ይግባ ብሎ ተሟገተ፣ አሸነፈ።
ሰባተኛው ላይ ቤቱ ቀዘቀዘ።
«የተነካ፣ የተዋረደ፣ ለማን ይንገር?» ይላል፤
ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፣ ስምና ስልክ ይጠብቃል።

«እኛ እኮ እኅትና ወንድም ነን» አሉ ጋሽ ውብሸት ቆይተው፣
«በቤተሰብ መሀል ደንብ ምን ይሠራል? ማንን ሊጠረጥር ነው?»
ማንም አልመለሰ።
ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ የመኩሪያን ጄኔሬተር፣
በየዓመቱ በነጻ የሚያመጣልንን፣ ነዳጁን ሳይቀር።

አምና፣ ከምሳ በኋላ፣ አያንቱ ወደ በሩ መጣች፣
ስሟ ያለበትን ካርድ ከአንገቷ አወለቀች።
«ደክሞሽ ነው?» አልኳት፣ መልሱን ከፊቷ እያነበብኩ፤
እንደ ጨዋ ሰው፣ እንደ ደግ አስተናጋጅ፣ «በሰላም ግቢ» አልኩ።
መኩሪያ ከኋላዋ ሽቦ እየጠቀለለ ያፏጫል።
እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ በጎነቴ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል።
ካርዷ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የ«ቱ» ቀለም ፈዟል።

መብራት ሄደ። ለአባዶ ይህ ወሬ አይደለም።
«ድምፅ እንስጥ» አለች ሲፈን። «በጨለማ እጅ አይቆጠርም።»
ተናኘ ስልኳን አበራች፣ ከነመብራቱ እጇን ሰቀለች፤
«የዘንድሮው በቀን ይሁን፤ መስኮት አለን» አለች።
ከዚያ ሐምዛ፣ ከዚያ ሌላው፤ ጥላችን ጣሪያ ደረሰ።
አሥራ አንድ መብራት ቆጠርን። ሦስት ቦታ ጨለማው አልፈረሰ።

መስመሩ ግን አሁንም ባዶ ነው።
እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጉልበት ወደ ጉልበት ዞረ፣
አንዱ ለሌላው በትሕትና እያሳለፈ፣ እያከበረ።
ከበሩ ተነሣሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ ስልኬን ጻፍኩ፤
እጄ ተንቀጥቅጦ ስምንቱ ዜሮ ቢመስል፣ ደግሜ አደመቅኩ።
ጋሽ ውብሸት፣ እጃቸውን ያላወጡት፣
በስልካቸው ያበሩልኝ እሳቸው ናቸው፣ ሳልጠይቃቸው።

ለአያንቱ ገና አልደወልኩም።