የነሐስ ኩባያ

ሱንማያ ማታ ማታ ጫማዋን አታወልቅም፤
ማሰሪያው ቢላላ እንኳ አታስነካኝም።
ላጠብቀው ስጠጋ እግሯን ትሰበስባለች፤
«ብትንቀጠቀጥስ፣ አባዬ?» ትላለች።
ስድስት ዓመቷ ነው።
ቤታችን ከታች ነው፣
ወይም ነበር ልበል፤ ከበቆሎው እርከን በላይ፣
ቆርቆሮው ተጣጥፎ ተኝቷል ድንጋይ ላይ።

እናቷ ካትማንዱ፣ ሐኪም ቤት፣ ዳሌዋ በብረት ታስሮ፤
እኔ ድንጋይ ለቃሚ ሆኛለሁ ዘንድሮ።
አንዱ ላይ በከሰል የሣለቻት ዶሮ አለች፣
ግማሽ ናት። ክንፏን የያዘች ድንጋይ እስካሁን አልተገኘች።

ከከተማ የመጡት ሸራና ሩዝ አደሉ፤
«ልጅቷን አይዞሽ በላት፣ አለቀ በላት» አሉ።
አላልኳትም።
ፊትም «አለቀ» ስንላት፣ አፋችን ገና አልተከደነም፣
ምድር እንደ ወንፊት አንገዋለለችን።

«ምድርን የተሸከመው ዓሣ ጎኑን ቢቀይር ነው» ይላል ጎረቤቴ ዳዋ፤
ልጄ ሰምታ ሩዝ ቀበረችለት፣ ከራቷ ቆንጥራ፣ በማንኪያዋ።

«ትመለሳለች?» አለችኝ።
ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር፣ እንደ ከረሜላ፤
ዋጥኩት። ፈለግሁ ሌላ።
«ትመለሳለች» አልኳት። «ግን ቀና በይ እስኪ፤ ጣራችን ምንድን ነው?»
«ሸራ።»
«ሸራ ቢወድቅብን ምን ሊያደርገን ነው?»
ዝም አለች። ቆይታ፣ «እንደ ብርድ ልብስ»
አለች፤ ሳቅ ቢጤ ባፍንጫዋ ሲተነፍስ።

ከፍርስራሹ ያወጣኋትን የነሐስ ኩባያ
ውኃ ሞልቼ መሐላችን አኖርኩ፤ «ስትነቂ፣ ሱንማያ፣
ይህን እዪ። ውኃው ከተናወጠ ምድር ናት፤ ተያይዘን ወደ ሜዳ።
ዝም ካለ ግን ልብሽ ነው፤ ልብ ደግሞ እንኳን ግድግዳ
ገለባ አያፈርስም፤
ይሮጣል፣ ይደክመዋል፤ ሲነጋ አያስታውስም።»

በመጀመሪያው ሌሊት አሥራ አንዴ ነቃች፤
በአራተኛው ሁለቴ። በአምስተኛው ግን አለቀሰች
እስኪነጋ፤ እኔም «ልሽና» ብዬ፣ ከሸራው ጀርባ
ቆሜ ጨረስኩት የራሴን እንባ።

ትናንት እኔ ነኝ የባነንኩት። ጨለማ። ጉልበቴ ሲርድ፣
እጄ ጫማ ሲዳብስ፣ ልሸሽ ስንገዳገድ፣
ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ውኃውን» አለች።

ባትሪ አበራሁ። አንዲት ትንኝ ቆማለች
በውኃው ፊት ላይ፣ እግሯን ዘርግታ፣
ክንፏን አጥፋ፣ ረግታ።

ሱንማያ ተኝታለች። የግራ ጫማዋ
ሾልኮ ወድቋል ከግርጌዋ።
አልመለስኩትም።