ፀሐይ አሸነፈችን

ቀሐ ድልድይ አጠገብ፣ ከጎሚስታዬ ደጅ፣
ስምንት ሰው ተኮልኩሏል፣ ሽማግሌና ልጅ።
ድምፃችን ተዘግቷል፣ ጉሮሮ ሻክሯል፤
አንድ ለባዶ ረትተን ሰፈሩ ሰክሯል።

«ዝም በሉ!» አለ ዳሳሽ፣ ሬዲዮኑን ይዞ፤
ይናገራል አሉ አሰልጣኝ ከአዘዞ።
ገበያው ነው ስሙ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤
ሲረታም ሲረታበትም ከረቫቱ ያው ነው።

«በጨዋታ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ትንሽ ዝም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«በጨዋታ ማንም አልበለጠንም።
ፀሐይ ናት ያሸነፈችን።
ሌላ የምለው የለኝም።»

ጥጋቡ ዘለለ መፍቻዬን አንሥቶ፤
«ፀሐይ?» አለ፣ «ፀሐይ?» ሌላው ቃል ከአፉ ጠፍቶ።
ስልክ አወጣ ደግሞ፣ ደውሎ ሊሰድበው፤
ካርድ አልቆበት ኖሮ ስድቡን መልሶ ዋጠው።

እንየው ጣት ቆጠረ፦
«ለመሆኑ እረፍት ላይ ሜዳ አልቀየርንም?
በፊተኛው አጋማሽ እኛስ አልቆምንባትም?
ነው ወይስ ፀሐይዋ መታወቂያ አውጥታ፣
ቀሐ ተመዝግባ፣ ለቀሐ ተጫውታ?»

ፈንታዬም አለች፦ «አውሮፕላን ማረፊያው እነሱ ዘንድ ሆኖ፣
ሰማይ ሲያይ ያደገ፣ ኳስ ያየው ጨፍኖ?»

እኔ ግን ዝም አልኩኝ፣
አጎንብሼ ካላማዳሪያ እየለጠፍኩኝ።
ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ ኳሷ ስትመጣ፤
በረኛው መዳፉን ግንባሩ ላይ ጥሎ፣
ሲፈልጋት አይቻለሁ፣ ዓይኑን እንዲህ ከልሎ።
ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።
እናንተም አልሰማችሁም።

ልሳነወርቅ ባጃጁ ውስጥ ተጋድሞ ያዳምጣል።
ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት፣ ባጃጅ ላይ አራት፤
አሁንም አልተወው ቃል ሰንጥቆ መፍታት።
ድንገት እየሳቀ እግሩን አወረደ፦
«ምን ያናድዳችኋል? ሰውየው መች ካደ?
ሰሙን ላሳችሁና ወርቁን ጣላችሁት፤
ማን አሸነፈን አለ? በደንብ አልሰማችሁት?
ናሁሰናይ አገባ።
ናሁሰናይን ማን ወለደ?»

ድልድዩ ጸጥ አለ። ከሥር ውሃው ብቻ።

ፀሐይ።
ፀሐይ፣ ቅዳሜ ገበያ ድንች የምትመዝነው።
ፀሐይ፣ የአሥራ አራት ልጅ ማልያ የምታጥብ የምትሰፋ፣
ከሻሿ ቀዳ የለጠፈች ሰባት ቁጥሩ ሲጠፋ፤
ለልጇ ታኬታ ብላ ሁለት ወር ሻይ የተወች፣
ጨዋታ ግን አንድም ቀን ሜዳ ገብታ ያላየች፤
ጨዋታው ቅዳሜ ነዋ፣ ገበያውም ቅዳሜ።

ተነሣን። ስምንት ሰው በአንድ ባጃጅ።
ትራፊኩ አላየንም፣ ወይ አይቶ አዘነልን።

ከአምፖሉ ሥር ተቀምጣ የተረፈ ድንች ትለቅማለች።
«እትዬ ፀሐይ፣ የአዘዞው አሰልጣኝ በሬዲዮ ተናገረ፤
አሸነፈችን አለ፣ አንቺን።»
እጇን በቀሚሷ ጠረገች።
«ማነው እሱ? ከየት ያውቀኛል?
ዕዳ አለበት እንዴ?»

ልሳነወርቅ ሊያስረዳት ጀመረ፣ ሰም፣ ወርቅ እያለ፤
ዓይኗ ግን በናሁሰናይ ጉልበት፣ በጭቃው ላይ ዋለ።
«ይሄን ለብሰህ ነው ከተማውን የዞርከው?
በሉ ማልያውን አምጡ፣ ሁሉንም፤ ሳፋው ውስጥ ዘፍዝፉት።
ነገ ሰንበት ነው፣ አላጥብም።
ሰኞ ፀሐይ ከወጣች፣ እስከ ማታ ይደርቃል።»

ስምንታችንም ተያየን። ልሳነወርቅ ብቻ
ባርኔጣውን አወለቀ።

አሰልጣኝ ገበያው፣
የመልሱ ጨዋታ ሚያዝያ ላይ ነው፣ እናንተ ሜዳ።
ለበረኛህ ኮፍያ ግዛለት።
ለሰማይዋ ፀሐይ ኮፍያ ይበጃል፤
ለእኛዋ ግን፣ እንጃ።