አሥራ ሰባተኛው

አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፣
ድንገተኛ ክፍል፣ ለዐሥራ አንድ አልጋ ነርሷ እኔ ብቻ።
ኪሴ ውስጥ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ግማሽ ብስኩት፣
አዲስ የመጣ ቅጽም አለ፤ «የገባውን ሁሉ ጠይቁት»
የተባለበት፤ ሃያ ጥያቄ፣ መልሱ አዎ ወይም አይ፣
ራጅ የማያነሳው ስብራት ካለ እንድናይ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ በሩ ጥግ ቆመ፤
ኤርሲዶ፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ግራ እግሩ የተጣመመ፣
ፀጉሩ በሲሚንቶ ያለ ዕድሜው የሸበተ፣
ሠራተኛው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ ካቦው እንደሚለው፣
ከሁለተኛ ፎቅ፣ ከፖንቴ ላይ እግሩ የሳተ።

እግሩን አሰርሁና ቅጹን ዘረጋሁ።
«ራስህን ያምሃል?»
ካቦው ቀደመ፦ «ኧረ ጤነኛ ነው!»
«እንቅልፍስ?»
«እንደ ድንጋይ!»
«ይከፋሃል?»
«ምን ይከፋዋል፣ ቅዳሜ ሒሳቡን ወስዷል።»
ኤርሲዶ ጣሪያውን ያያል።

ካቦውን ላክሁት፤
«ጓንት አልቋል፣ ከማዶ ፋርማሲ ገዝተህ ና» አልሁት።
ጓንት አላለቀም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ከአንድ ጀመርሁ።
አዎ አለ። አዎ። አሁንም አዎ።
ስለ አባቱ ጥንድ በሬ፣ ደላላው ስለ በላው፣
«ደቡብ አፍሪካ» ብሎ ሞያሌ ላይ ስለ ጣለው፤
አባቱ ሲደውል ስለ በሬው እንደማይጠይቀው፣
ስለ ዝናቡ ብቻ እንደሚያወራው፣ ያም እንደሚያንቀው።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ገለበጥሁት፤
የቢሮውን አማርኛ ትቼ እንደ እህት ጠየቅሁት፦
«ኤርሲዶ፣ እንጨቱ ተሰብሮ ነው?»

ዝም አለ። መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩ አጉረመረመ፤
አራት ቁጥር አልጋ ላይ ሕፃኑ አልቅሶ ደከመ።
«እንጨቱ ደህና ነው» አለኝ።
«እንጨቱ ምንም አልሆነም።»

ከቅጹ ግርጌ «ይላክ» ይላል። ወዴት?
የአእምሮ ሐኪሙ እዚህ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤
ዛሬ ዓርብ።
«አማኑኤል ልትልኪኝ ነው? አበድሁ እንዴ?»
«አላበድህም። በል ትንሽ ጠጋ፣ አልጋህን ልግፋው።»

ከጠረጴዛዬ አጠገብ፣ ዓይኔ ሥር፣ አልጋውን አቆምሁ፤
መቀሱን ከኪሴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁ፤
ብስኩቷን ሰጠሁት። ያዛት እንጂ አልበላትም።

ካቦው ጓንቱን ይዞ፣ እያለከለከ ሲመለስ፣
«ጨረሳችሁ?» አለኝ።
«ሦስት ይቀረናል» አልሁት፤ «እስከ ሐሙስ ድረስ።»